ስለ ቁማር ትርፍና ኪሳራ፤ የገቢ ግብር ሕጎች ዳሰሳ

አንድ ነጋዴ በመቶ ብር የገዛውን ቡና በመቶ ሃያ ብር ቢሸጥ፣ የትርፉ ግብር የሚታሰበው ከሃያው ብር እንጂ ከመቶ ሃያው እንዳልሆነ፣ የሒሳብ መዝገብ ይዞ የማያውቅ ሰው እንኳ ያለ አስተማሪ በልቡናው ይረዳዋል። ዳሩ ግን ያው ሰው ገንዘቡን ከቡናው ወደ ውርርድ አዙሮ፣ ዛሬ መቶ ሃያ ብር አግኝቶ ነገ ያንኑ መቶ ሃያ ብር መልሶ ቢያስረክብ፣ ግብሩ ከምኑ ላይ እንደሚታሰብ የጠየቀ እንደ ሆነ፣ መልሱን በአዲስ አበባ አንድ ዓይነት፣ በለንደን ሌላ ዓይነት፣ በዋሽንግተንም ከሁለቱ የተለየ ሆኖ ያገኘዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሦስት መንገዶች በየተራ መርምሮ፣ ከመካከላቸው ወደ ርትዕ የሚቀርበው የትኛው እንደ ሆነ ማመልከት ነው።

ቁማር ራሱ ከገቢ ግብር ሕግ በብዙ ዘመን የቀደመ ነገር ነው። ዕጣ መጣል በቅዱሳት መጻሕፍት ለበጎም ለክፉም ሲነገር እናነባለን፤ በይሁዳ ፈንታ ማትያስ ከሐዋርያት ጋር የተቈጠረው በዕጣ ሲሆን፣ የመድኃኔ ዓለምን ልብስ ጭፍሮች የተካፈሉትም በዚያው በዕጣ ነው። የሐዋርያት ቀኖናም ጳጳስ ወይም ቄስ ወይም ዲያቆን በቁማር የተጠመደ እንደ ሆነ፣ ወይ ልማዱን እንዲተው ወይ ከሹመቱ እንዲሻር ማዘዙ፣ ነገሩ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ከጥንት ጀምሮ እንዴት ሲመዘን እንደ ኖረ ያስረዳል። የገቢ ግብር ሕግ በተደነገገ ጊዜ ግን ዳኞችና ሕግ ዐዋቂዎች ከዚህ የተለየ ጥያቄ መመለስ ግድ ሆነባቸው፤ እርሱም በዕድል የተገኘ ንዋይ እንደ ደመወዝና እንደ ንግድ ትርፍ ገቢ ይባላልን፣ ገቢ ከተባለስ በዚያው በዕድል የጠፋው ንዋይ ምን ይባላል የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ በሚገባ ለመረዳት ከራሳችን ልማድ አንድ ምሳሌ ብንወስድ ይጠቅመናል። ዕቁብ ዕጣ ስለሚወጣበት ብቻ ከሎተሪ ጋር ሊመሳሰል ይችል ይመስላል፤ ነገር ግን ዕቁብተኛው ሲደርሰው የሚቀበለው፣ ወይ አስቀድሞ የጣለውን ወይ ወደ ፊት የሚጥለውን የገዛ ገንዘቡን ስለ ሆነ፣ ዕጣው የሚቈርጠው ተራን እንጂ ትርፍን አይደለም፤ ዙሩ ሲያልቅም ከማኅበርተኞቹ መካከል የከበረም የደኸየም አይገኝም። በቁማር ግን የአንዱ መብላት የሌላው መበላት ነው፤ ቁማርተኞች ራሳቸው ማሸነፍን «በላሁ»፣ መሸነፍን «ተበላሁ» ማለታቸው የነገሩን ባሕርይ በአንድ ግስ ጨርሶ የሚገልጽ ነው። እንግዲህ በዚህ ሥራ ትርፍና ኪሳራ እንደ መንታ ልጆች አብረው የሚወለዱ ከሆኑ፣ አንደኛውን ቈጥሮ ሁለተኛውን የማይቈጥር ሕግ ምን ያህል እንደሚያጎድል ከዚህ በታች እናያለን።

በመጀመሪያ የእንግሊዞችን መንገድ እንመልከት። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1925 ዓ.ም. ግሬሃምና ግሪን በተከራከሩበት መዝገብ፣ በፈረስ እሽቅድድም እየተወራረደ ይኖር የነበረ ሰው፣ ይህ ሥራው ሙያና ንግድ ነውና የገቢ ግብር ይገባዋል ተብሎ በፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። ነገሩን ያዩት ዳኛ ራውላት ግን፣ የውርርድ ተቀባዩ ሥራ የተደራጀ ንግድ ሲሆን፣ የተወራራጁ ሥራ ግን የቱንም ያህል ቢዘወተር ንግድ ሊባል አይችልም፤ አንድ ነገር ቢሆን ወይም ባይሆን አንዱ ለሌላው ይከፍላል ከሚል ስምምነት በቀር በመካከላቸው የተመረተ ወይም የተለወጠ ነገር የለምና ግብር አይገባውም ብለው ፈረዱ። በዚህ ፍርድ መሠረት በብሪታንያ ያለ ሰው በሎተሪም ሆነ በውርርድ ያገኘውን ገንዘብ፣ ብዙም ቢሆን ጥቂት፣ በገቢ ግብር ማስታወቂያው ላይ አይጽፈውም፤ የተበላውንም ከደመወዙ ግብር አያስቀንስም።

የዚህ ፍርድ ጥበብ ሁለት ወገን አለው። በአንድ ወገን ያሸነፈውን ሰው ከግብር ነጻ ሲያደርገው፣ በሌላው ወገን መንግሥት የተሸናፊዎችን ሁሉ ኪሳራ ተካፋይ ከመሆን ይድናል፤ ምክንያቱም የቁማር ቤት ካልከሰረ በቀር የተጫዋቾች ኪሳራ ተደምሮ ምንጊዜም ከትርፋቸው የሚበልጥ ስለ ሆነ፣ ሁለቱንም በቅንነት ልቍጠር ያለ መንግሥት ከሚሰበስበው ይልቅ የሚያጣው ይበዛል። ስለዚህ እንግሊዞች ግብሩን ወደ ቤቱ አዞሩት። ዊንስተን ቸርችል የገንዘብ ሚኒስትር በነበሩበት በ1926 የውርርድ ቀረጥ ቢያቆሙም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀረ፤ በ1960 የወጣው ሕግ የውርርድ መደብሮችን ከፈቀደ በኋላ ቀረጡ በሌላ መልክ ተመለሰ፤ በጥቅምት 2001 ደግሞ በተወራራጁ መደብ ላይ የነበረው ቀረጥ ተነሥቶ፣ ቤቱ ከተቀበለው ላይ የከፈለው ተቀንሶ በሚቀረው ትርፍ ላይ 15 ከመቶ እንዲከፈል ተደረገ። በዚህ ሥርዓት ግብሩ የሚያርፈው ትርፉ በእርግጥ ባለበት ቦታ ነው፤ የመቶ ሺህ ተጫዋቾች መብላትና መበላት በቤቱ መዝገብ ላይ ተጣርቶ ይገኛልና።

ሁለተኛው መንገድ የሀገራችን ነው። የብሔራዊ ሎተሪ መሥሪያ ቤት በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ የዕድል ጨዋታ በኢትዮጵያ በሕግ የታወቀ የመንግሥት ገቢ ምንጭ ሆኖ ኖሯል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቊጥር 286፣ ከሎተሪ፣ ከቶምቦላና ከመሳሰለው የዕድል ሙከራ የሚገኝ ገንዘብ፣ ከ100 ብር በታች ካልሆነ በቀር፣ 15 ከመቶ ግብር እንዲከፈልበት ደነገገ። በ2008 ዓ.ም. በእርሱ ፈንታ የወጣው አዋጅ ቊጥር 979 ደግሞ መጣኙን ሳይለውጥ፣ ነጻ የሚሆነውን ወለል ወደ 1,000 ብር ከፍ አደረገው። ገንዘቡ በሠንጠረዥ «መ» የሚመደብ ሆኖ፣ ግብሩ የሚታሰበው ከጠቅላላው ሽልማት ላይ ነው፤ ከፋዩ ቀንሶ ያስቀረውም የመጨረሻ ግብር ስለ ሆነ፣ ባለ ዕድሉ ከዚያ በኋላ ማስታወቂያ እንዲያቀርብ አይጠየቅም፤ ኪሳራዬን ቍጠሩልኝ የሚልበት በርም የለውም። ሕንዶችም ከዚህ በጠበቀ ሁኔታ፣ በሎተሪና በውርርድ ገቢ ላይ አንዳችም ወጪ ሳያስቀንሱ 30 ከመቶ ያስከፍላሉ።

ይህን ድንጋጌ ያረቀቁት ሰዎች በዐይነ ልቡናቸው ያዩት የሎተሪ ቲኬትን እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም፤ ለሎተሪ ቲኬት ደግሞ ድንጋጌው ፍጹም የተስማማ ነው። አንድ ሰው በ10 ብር ቲኬት አንድ ሚሊዮን ብር ቢወጣለት፣ ከጠቅላላው ሽልማት ላይ 150,000 ብር ይከፍላል፤ የቲኬቱ ዋጋ ቢቀነስለት ኖሮ የሚድነው አንድ ብር ከሃምሳ ሳንቲም ብቻ ነበር። ስለዚህ በሎተሪ ዘንድ ጠቅላላውና የተጣራው አንድ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ቀላሉን መንገድ የመረጠ ሕግ አውጪም ማንንም አልበደለም።

ነገር ግን ዘመኑ ተለወጠ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየከተማው የስፖርት ውርርድ ተስፋፍቶ፣ ወጣቱ በዓመት አንድ ጊዜ የዕንቍጣጣሽ ሎተሪ የሚቈርጥ መሆኑ ቀርቶ፣ በየሳምንቱ፣ እንዲያውም በየቀኑ በስልኩ የሚወራረድ ሆነ። አንድ ወጣት በዓመት ውስጥ ስልሳ ጊዜ አምስት አምስት መቶ ብር አስይዞ፣ አሥር ጊዜ ብቻ ሁለት ሁለት ሺህ ብር ቢበላ፣ ያስያዘው 30,000፣ የተቀበለው 20,000 ብር ስለ ሆነ፣ በዓመቱ መጨረሻ አሥር ሺህ ብር ተበልቷል ማለት ነው። የአዋጁ ቃል እንዳለ ሲፈጸም ግን ይህ ከሳሪ ሰው በአሥሩ ድሎቹ ላይ 3,000 ብር የገቢ ግብር ይከፍላል። በአንጻሩ ሌላው መቶ ጊዜ ዘጠኝ ዘጠኝ መቶ ብር እየበላ ዘጠና ሺህ ብር ቢሰበስብ፣ እያንዳንዱ ድል ከወለሉ በታች ስለ ሆነ አንድ ብር እንኳ አይጠየቅም። ከሳሪው ከፍሎ አትራፊው ነጻ የሚወጣበት ይህ ሁኔታ፣ መጣኙ ከፍ ቢል ወይም ዝቅ ቢል የሚድን አይደለም፤ ሥሩ ለአንድ ዕጣ የተቈረጠውን ልብስ ለተደጋገመ ውርርድ ማልበስ ነውና።

ሦስተኛው መንገድ የአሜሪካኖች ነው፤ ክርክሩ የበዛበትና ትምህርቱ የሚሰፋው እዚህ ላይ ስለ ሆነ ጥቂት እንቈይበታለን። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1913 ሕገ መንግሥታቸው ተሻሽሎ የገቢ ግብር ከተፈቀደ ጀምሮ፣ ገቢ ከየትም ምንጭ ይምጣ ገቢ ነው የሚል ጽኑ መሠረት ስላቆሙ፣ የቁማር ትርፍም ያለ ክርክር ከዚሁ ገባ። የኪሳራው ነገር ግን አስቸገረ። ያሸነፈው ዝም ሲል፣ የተሸነፈው ግን ኪሳራውን ከሌላ ገቢው ላይ እያስቀነሰ መንግሥትን ስለ ጎዳ፣ በ1934 ሸንጎው እስከ ዛሬ ጸንቶ የኖረውን ድንበር አኖረ፤ ይኸውም የቁማር ኪሳራ የሚቀነሰው በዚያው ዓመት ከተገኘው የቁማር ትርፍ እንዳያልፍ ሆኖ ነው። እስከ 2025 አሥር ሺህ የበላና ሰባት ሺህ የተበላ ሰው ሰባቱን ያስቀንስ ነበር፤ ሰባት ሺህ የበላና አሥር ሺህ የተበላ ግን ሰባቱን ብቻ አስቀንሶ፣ የቀረውን ሦስት ሺህ ከደመወዙ ሊያስቀንስ ወይም ለሚመጣው ዓመት ሊያስተላልፍ አይችልም። ይህ ድንጋጌ በእኔ አስተያየት፣ የተሸናፊውን ዕዳ በሕዝብ ትከሻ ላይ ሳይጭን ያልተገኘውንም ትርፍ ሳይቀርጥ፣ በሁለቱ መካከል ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነበር።

ሆኖም ኪሳራው በማስታወቂያው ላይ በየትኛው ስፍራ ይጻፍ የሚለው ነገር፣ ትንሽ መስሎ ሳለ ብዙ ሰው ያስለቀሰ ሆነ። ቁማር ሙያው ያልሆነ ሰው ትርፉን በሙሉ ከገቢው ጋር ደምሮ ሲያስመዘግብ፣ ኪሳራውን የሚያስቀንሰው ግን ተቀናሾቹን በዝርዝር ለማቅረብ ከመረጠ ብቻ ነው፤ ይህን ሲመርጥም ለሁሉ የተፈቀደውን መደበኛ ተቀናሽ ይተዋል። ለ2025 መደበኛው ተቀናሽ ላላገባ ሰው 15,750 ዶላር ነበር። እንግዲህ ከቁማር ኪሳራው በቀር ሌላ የሚያስቀንሰው የሌለ ሰው፣ በዓመቱ 10,000 ዶላር በልቶ ያንኑ 10,000 ቢያጣ፣ በዝርዝር ማቅረቡ ስለማይጠቅመው መደበኛውን ይይዛል፤ በእጁ አንድ ዶላር ሳይቀር በአሥር ሺህ ዶላር ላይ ግብር ይከፍላል። ይህ ብቻም አይደለም፤ ትርፉ ተቀናሽ ሳይነካው አጠቃላይ ገቢውን ከፍ ስለሚያደርግ፣ በገቢ መጠን የሚሰጠውን የጤና መድን ድጎማና የመሳሰለውን ርዳታ ሊያሳጣው ይችላል።

ቁማርን ሙያው ያደረገ ሰው ጉዳይ በከፍተኛው ፍርድ ቤት የተወሰነው በ1987 ነው። ባለ ጉዳዩ ሃያ ዓመት ካገለገለበት መሥሪያ ቤት በ1978 ከወጣ በኋላ፣ በሳምንት ከስልሳ እስከ ሰማንያ ሰዓት ሙሉ በውሻ እሽቅድድም ላይ ሲወራረድ ቈይቶ፣ በዓመቱ 72,032 ዶላር አስይዞ 70,000 ዶላር የተቀበለ፣ ስለዚህም 2,032 ዶላር የከሰረ ነበር። ሳያተርፍ ግብር የተጠየቀው፣ ሥራህ ንግድ አይደለምና ኪሳራህ ከትርፍህ አጠገብ ሊቀነስ አይገባም ተብሎ ነው። ዳኛ ብላክመን የጻፉት የስድስቱ ዳኞች ውሳኔ ግን፣ ለመተዳደሪያ ሲል በሙሉ ጊዜው፣ በቅን ልቡናና ባለማቋረጥ የሚሠራ ሰው ሸቀጥ ባይሸጥም ነጋዴ ይባላል በማለት ፈረደለት። በለንደን ራውላት የዘጉትን በር፣ ከስድሳ ሁለት ዓመት በኋላ ዋሽንግተን ከፈተችው ማለት ነው። ነገር ግን በ2017 የወጣው ሕግ የሙያተኛውን የጉዞና የመሳሰለውን ወጪ ከኪሳራው ጋር ደምሮ በትርፉ ልክ ስለ ወሰነው፣ የተከፈተው በር በከፊል ተመልሶ ገርበብ አለ።

የማስረጃው ነገር ደግሞ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። የአሜሪካ የቁማር ቤት ከስሎት ማሽን በሕግ ከተወሰነው ወለል ጀምሮ የደረሰውን ሰው ስምና መለያ ቊጥር መዝግቦ፣ ደብሊው-ቱ-ጂ የሚባለውን ወረቀት ለመንግሥት ይልካል፤ ይህ ወለል ከ1977 ጀምሮ 1,200 ዶላር ሆኖ ሳይነካ ኖሮ ከ2026 ጀምሮ ወደ 2,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ከ5,000 ዶላር በላይ ከሆነ የሎተሪ ሽልማትም 24 ከመቶ በቅድሚያ ይቀነሳል። ወረቀቱ ባይላክም ትርፉን ማሳወቅ ግዴታ ነው። የድሉ ወረቀት በመንግሥት እጅ ሲገኝ የኪሳራው ማስረጃ ግን በተጫዋቹ እጅ ብቻ ስለሚቀር፣ የግብሩ መሥሪያ ቤት በ1977 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ቀኑን፣ የጨዋታውን ዓይነት፣ የቤቱን ስምና አድራሻ፣ አብረው የነበሩትን ሰዎች፣ የተበላውንና የበላውን መጠን በየጊዜው በደብተር መጻፍ ያስፈልጋል። በማሽን የሚጫወት ሰው እያንዳንዱን ቍልፍ ሲጫን ያገኘውን ለየብቻ ሳይሆን፣ ከተቀመጠ እስከ ተነሣ ያለውን አንድ ጊዜ አጣርቶ እንዲይዝ መፈቀዱ፣ ለተደጋገመ ጨዋታ የተጣራ ሒሳብ አስፈላጊ መሆኑን ሕጉ ራሱ እንደ ተረዳው ያሳያል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ የቅርቡን ነገር በሐዘን እንናገራለን። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ፣ ከ2026 ጀምሮ ከቁማር ኪሳራ ውስጥ ዘጠና ከመቶው ብቻ እንዲቀነስ አዘዘ። መቶ ሺህ ዶላር በልቶ መቶ ሺህ የተበላ ሰው፣ ሙያተኛም ቢሆን፣ ዘጠና ሺሁን ብቻ አስቀንሶ በሌለው አሥር ሺህ ዶላር ላይ ይቀረጣል። በ1934 የቆመው ድንበር የመንግሥትን ገንዘብ ከከሳሪው ይጠብቅ ነበር፤ አዲሱ ግን ያልተገኘን ገንዘብ የተገኘ አድርጎ ይቈጥራል።

ይህ ነገር የእኛንም ሰው በቀጥታ ይነካል። በላስ ቬጋስ በታክሲ ነጂነትና በካዚኖ ሠራተኛነት የሚተዳደሩ፣ በዋሽንግተን አካባቢም ከሥራ በኋላ ወደ ካዚኖ ጎራ የሚሉ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱ መካከል የአሜሪካ ዜጋ ወይም ባለ ግሪን ካርድ የሆነ ሰው የዓለም ገቢውን ሁሉ እንዲያሳውቅ ስለሚገደድ፣ ለዕረፍት አዲስ አበባ መጥቶ የቈረጠው ሎተሪ ቢወጣለት፣ እዚህ ግብሩ ተቀንሶለታልና በዚያ አላሳውቅም ማለት አይችልም፤ እዚህ የከፈለው በዚያ እንዲታሰብለት ግን ሕጉ ይፈቅድለታል። በጉብኝት የሄደና ለግብር ነዋሪ ያልሆነ ሰው ደግሞ፣ ከማሽንና ከሎተሪ ባገኘው ላይ በመደበኛው ደንብ 30 ከመቶ ይቀነስበታል፤ ኪሳራው አይቈጠርለትም። እንደ ሩሌትና ብላክጃክ ያሉት ጥቂት ጨዋታዎች ብቻ ከዚህ ነጻ ናቸው። በየዓመቱ ታክስ የሚያሠራ ሰው ይህን ለሒሳብ ሠራተኛው ሳይሸሽግ ሊነግረው ይገባል፤ የድሉ ወረቀት አስቀድሞ በመንግሥት እጅ ገብቷልና።

የዳሰሳችን መደምደሚያ እንግዲህ ይህ ነው። ቁማር ክፉ ልማድ ነውና ቁማርተኛ ቢበደል ምን ገዶን የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔም ቁማር ቤተ ሰብ እንደሚያፈርስና ጕልበት እንደሚያባክን አምናለሁ። ነገር ግን ልማዱን መከልከል የፈለገ መንግሥት በግልጽ ይከልክል፤ ፈቃድ ሰጥቶ የገቢ ግብር ብሎ የሚሰበስብ ግን ገቢ በሌለበት ገቢ አለ ሊል አይገባውም። ቀራጩ ዘኬዎስ ንስሓ በገባ ጊዜ ያለ አግባብ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ማለቱ፣ ከማይገባው ላይ የተወሰደ ቀረጥ በሕግ ስም ቢሰበሰብም ዕዳ መሆኑን የሚያስተምር ነው።

ስለዚህ ለሀገራችን ሕግ አውጪዎች የማቀርበው ልመና አጭር ነው። ለሎተሪና ለቶምቦላ የተሠራው ድንጋጌ በቦታው ይጽና። ለተደጋገመው ውርርድ ግን፣ የውርርድ ድርጅቶች የእያንዳንዱን ደንበኛ መብላትና መበላት በስልክ ቊጥሩ መዝግበው መያዝ ስለሚችሉ፣ ግብሩ ከዓመቱ የተጣራ ትርፍ ላይ እንዲታሰብ ይደረግ፤ ይህ የሚከብድ ቢሆን እንደ ለንደን ተጫዋቹ ተትቶ የድርጅቱ የተጣራ ትርፍ ይቀረጥ። የሚወራረድ ወንድሜና እኅቴም ይህን ይወቁ፦ እስካሁን በሀገራችን ሕግ መንግሥት ከድላችሁ ድርሻ አለው፣ ከኪሳራችሁ ግን ምንም ድርሻ የለውም፤ ስትበሉ ሁለት ናችሁ፣ ኪሳራውን ስትሸከሙ ግን ብቻችሁን ናችሁ።